ከካሜራው በፊት ዕቃው፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ አነስተኛ አምራቾች የምርት ፎቶ መሣሪያ አመራረጥ

መግቢያ

ከጉና ተራራ ደጋ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆዎች ቆላ በሚዘልቀው የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ የእጅ ሥራ ውጤት ሲሸጥ የኖረው በአካል እየታየ ነው። ገዥው ጋቢውን በጣቱ ያሻል፤ ወደ ብርሃን ዘርግቶ የሽመናውን ጥቅጥቅነት ያያል፤ ጀበናውን መታ መታ አድርጎ ስንጥቅ እንደሌለው ከድምፁ ይለያል፤ ማሩን ቀምሶ ይዋዋላል። በንፋስ መውጫ፣ በዐርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ዋጋ የሚቆረጠው ከዚህ ፍተሻ በኋላ ነው።

ዛሬ ገዥው ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ወይም ከአገር ውጭ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን የሚያየው በቴሌግራም በተላከለት ፎቶ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መውጣቱና ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ መጀመሩ ከርቀት የመግዛትን ልማድ አጠናክረዋል። በዚህ ዓይነቱ ግብይት የጣትን፣ የጆሮንና የምላስን ሥራ ደርቦ የሚሠራው ፎቶው ነው። ፎቶው ሳይታሰብ እንኳ ከዋሸ ጉዳቱ የሚያርፈው በአምራቹ ላይ ነው። የተመለሰ ጋቢ የማጓጓዣ ዋጋን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፣ የብዙ ቀን ድካምን ያለ ገንዘብ ያስቀምጣል፣ ገዥውንም ያሸሻል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ስለሚሰጥ፣ ጉዳዩ ከንግድ ብልሃት አልፎ የግዴታ መልክ አለው።

አነስተኛ አምራቾች ወይም ማኅበሮቻቸው ፎቶ ለማሻሻል ሲያስቡ በቅድሚያ የሚያነሡት ጥያቄ «የትኛው ካሜራ ይገዛ?» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል መገልበጥ እንዳለበት ያስረዳል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ገዥው ከፎቶው ምን መፍረድ እንደሚፈልግ ነው፤ ቀጥሎ በአካባቢው ያለው ብርሃን ይመጣል፤ ካሜራው የሚመረጠው በመጨረሻ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ሲኬድ በእጅ ያለው ስልክ ለአብዛኛው ሥራ እንደሚበቃ፣ ካሜራ ገንዘቡን የሚመልስባቸው ሁኔታዎችም ጥቂትና ተለይተው የሚታወቁ እንደሆኑ ይታያል። ከዚህ በታች የቀረቡት የርቀትና የጥልቀት አኃዞች በታወቁት የሥነ ብርሃን ቀመሮች የተሰሉ ግምቶች ናቸው።

ገዥው ከፎቶው የሚፈርደው

የአካባቢው ምርቶች ለካሜራ የሚያቀርቡት ፈተና አንድ ዓይነት አይደለም። አምስቱን ማነጻጸር ይበቃል።

የመጀመሪያው ነጭ የጥጥ ሸማ ነው። ገዥው በጋቢና በነጠላ ላይ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የነጩን ጥራት፣ የጥለቱን ትክክለኛ ቀለምና የክሩን ውፍረት። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ግን ከፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ 18 በመቶ የሚመልስ አድርጎ ይገምታል። ንጹሕ ነጭ ጥጥ ከ80 በመቶ በላይ ሊመልስ ስለሚችል መለኪያው ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ጋቢውም አመድማ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው የብርሃን ማካካሻውን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ መጨመር ነው። አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ ማሳደግ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥቁር ጀበና ነው፤ ችግሩም የተገላቢጦሽ ነው። መለኪያው ጥቁሩን ወደ ግራጫ ስለሚስብ ጀበናው የደበዘዘ ይመስላል፤ ማካካሻው ወደ ታች ይሄዳል። በተጨማሪም የተወለወለ ጥቁር ገጽ እንደ መስታወት ነው፤ የፎቶ አንሺውን ጥላና የበሩን ቅርጽ ሳይቀር ያሳያል። ክብነቱን ለዓይን የሚነግረው በጎኑ ላይ የሚወርደው ለስላሳ የብርሃን መስመር ስለሆነ፣ ለጀበና ወሳኙ የብርሃኑ ምንጭ ስፋት ነው።

ሦስተኛው ከስንደዶና ከአክርማ የሚሠራው ስፌት ነው። ሰፌድ ጠፍጣፋ በመሆኑ ከላይ ቀጥ ተብሎ ሲነሣ የጥልቀት ችግር የለበትም፤ የሚፈተነው በአለላው ቀለም ነው። ሙዳይና መሶብ ግን ከፊት ጠርዛቸው እስከ ጎናቸው ጥርት ብለው መታየት አለባቸው።

አራተኛው ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና ነው። ገዥው የሚፈልገው የጠጉሩን ሸካራነት ማየት ነው፤ ይህ የሚገለጠው ብርሃኑ ከጎን ጋደም ብሎ ሲመጣ ብቻ ነው። ከፊት የሚመጣ የስልክ ፍላሽ የእያንዳንዱን ክር ጥላ አጥፍቶ ባናውን እንደ ታተመ ወረቀት ያስመስለዋል።

አምስተኛው ማር ነው። የማር ቀለም ብርሃኑ በውስጡ በሚያልፍበት ርዝመት ይለወጣል፤ አንዱ ማር በቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ወርቃማ፣ በሰፊ ማሰሮ ውስጥ ጠቆር ያለ ይመስላል። ስለዚህ የተለያዩ ማሮችን በፎቶ ለማነጻጸር ዕቃው አንድ ዓይነት መሆን፣ ከኋላውም ነጭ ወረቀት ተደርጎ ብርሃኑ በማሩ ውስጥ ማለፍ አለበት።

ከአምስቱ ምሳሌዎች የሚታየው ዋናው ስሕተት፣ ማለትም ያመደ ነጭ፣ የደበዘዘ ጥቁር፣ የጠፋ ሸካራነት ወይም የተለወጠ ቀለም፣ ካሜራው ርካሽ በመሆኑ የሚመጣ አለመሆኑን ነው። ውድ ካሜራም በራሱ ፈቃድ ከተተወ ያንኑ ስሕተት በበለጠ ጥራት ይደግመዋል።

የአካባቢው ብርሃን

ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የፀሐይ ብርሃን ብዙም ሳይበተን ይደርሳል። ሰማዩ ደማቅ ሰማያዊ፣ ጥላውም ድቅድቅ ይሆናል። በፀሐይና በጥላ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ የካሜራው ሴንሰር ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ይቸግረዋል። በጥላ ውስጥ የተነሣ ዕቃ ደግሞ የሚያበራለት ሰማያዊው ሰማይ በመሆኑ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል።

አካባቢው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሚገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ግድም፣ ቀትር ላይ ከአናት በላይ በቀጥታ ታልፋለች። በሌሎቹም ወራት የቀትር ፀሐይ ከፍ ያለች ናት። ቀትር ላይ ደጅ የተነሣ ጀበና አፉ ነጭቶ ሆዱ ጨለማ ይሆናል። በአንጻሩ በክረምት ደመና የሸፈነው ሰማይ ለምርት ፎቶ እጅግ የተመቸ ሰፊና ለስላሳ የብርሃን ምንጭ ነው። በበጋ ይህን ለስላሳነት በቀላሉ የሚተካው በር ነው። ፀሐይ በቀጥታ በማትገባበት በር ውስጥ፣ ከደፉ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ የተቀመጠ ዕቃ ከአንድ ጎን ሰፊ ብርሃን ያገኛል። በሌላው ጎን ነጭ ካርቶን ወይም የተወጠረ ነጭ ጨርቅ ቢቆም ጥላው ይለዝባል። ፀሐይ የሚገባበት በር ብቻ ካለም ስስ ነጠላ በበሩ ላይ ቢጋረድ ብርሃኑን ይበትነዋል።

ገበያ ውስጥ የሚነሣ ፎቶ የራሱ ወጥመድ አለው። በሰማያዊ ወይም በብርቱካናማ የፕላስቲክ ሸራ ሥር የተቀመጠ ነጭ ሸማ የሸራውን ቀለም ይለብሳል። ቀለም የተቀባ ግድግዳና አረንጓዴ ሣርም በመጠኑ ተመሳሳይ ውጤት አላቸው።

ማታ በመብራት ማንሣት ለሚገደድ ሰው ሁለት ጉዳዮች አሉ። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ሹተሩ ከዚህ ጋር ካልተስማማ በፎቶው ላይ ጥቁር ሸንተረሮች ይታያሉ፤ የሴኮንድ 50ኛ ወይም 100ኛ ፍጥነት መምረጥ ችግሩን በአብዛኛው ያስወግዳል። ሁለተኛው፣ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በቀይ የብርሃን ክፍል ደካማ መሆናቸው ነው። የጥለቱ ቀይ በእነዚህ አምፖሎች ሥር ወደ ቡናማ ካዘነበለ የጎደለውን ቀይ ብርሃን ካሜራው ሊፈጥረው አይችልም። አምፖል ሲገዛ በማሸጊያው ላይ የቀለም ማሳያ መጠኑ 90 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ማየት ይገባል።

የሴንሰር ስፋትና የትኩረት ጥልቀት

በካሜራ ገበያ ውስጥ ትልቅ ሴንሰር የጥራት ምልክት ተደርጎ ይቀርባል። ትልቅ ሴንሰር ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ በጨለማ የተሻለ መሥራቱ እውነት ነው። የምርት ፎቶ ግን ሁለት ልዩ ባሕርያት አሉት፦ ዕቃው አይንቀሳቀስም፣ ሁለንተናውም ጥርት ብሎ መታየት አለበት።

ዕቃው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ካሜራውን በትራይፖድ ላይ አቁሞ ሹተሩን ለግማሽ ሴኮንድ መክፈት ይቻላል። አይኤስኦውን ከፍ ማድረግ ስለማያስፈልግ በጨለማ የሚታየው ጉርብጥብጥ አይፈጠርም። ትልቁ ሴንሰር በጨለማ ያለው ብልጫ በዚህ ብዙ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ባሕርይ ከትልቅ ሴንሰር ጋር ይጋጫል። ቁመቱ 25 ሳ.ሜ. የሆነን ጀበና ከዙሪያው ክፍት ቦታ ጋር በ35 ሳ.ሜ. ክፈፍ ውስጥ ለማስገባት ይታሰብ። ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር በሆነ ካሜራ፣ ሌንሱ በኤፍ 5.6 ሲከፈት፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 3.5 ሳ.ሜ. ያህል ብቻ ነው። ሴንሰሩ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር በሆነው የካኖን ጀማሪ ካሜራ በዚያው ኤፍ 5.6 ጥልቀቱ 5.5 ሳ.ሜ. ገደማ ይሆናል። ሴንሰሩ 5.6 በ4.2 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነና ሌንሱ ኤፍ 1.8 በሆነ ስልክ ግን ወደ 7 ሳ.ሜ. ይደርሳል። በትልቁ ካሜራ የስልኩን ያህል ጥልቀት ለማግኘት ሌንሱን እስከ ኤፍ 11 ማጥበብ ያስፈልጋል፤ ሲጠብ ደግሞ ብርሃኑ ስለሚቀንስ ለትልቅነቱ የተከፈለው ዋጋ በከፊል ተመልሶ ይጠፋል። እስከ ኤፍ 22 ማጥበብም አይበጅም፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን መላው ፎቶ ይለዝባል።

ከኋላ ያለውን ሁሉ የሚያደበዝዝ ፎቶ ለሰው ፊት ያምራል። ሙዳይ ለሚገዛ ሰው ግን የፊቱ ጠርዝ ጠርቶ ክዳኑ የደበዘዘበት ፎቶ ግማሽ መረጃ ነው።

ርቀትና ቅርጽ

ስልክ እውነተኛ ድክመቱ የሚታየው በቅርጽ ላይ ነው። የአብዛኞቹ ስልኮች ዋና ሌንስ ሰፊ ማዕዘን የሚያይ ስለሆነ ያንን ጀበና ክፈፉን ሞልቶ ለማንሣት ወደ 28 ሳ.ሜ. መቅረብ ያስፈልጋል። የጀበናው ሆድ ስፋት 15 ሳ.ሜ. ቢሆን ለስልኩ የቀረበው ገጽ ከኋለኛው ገጽ 1.7 ጊዜ ያህል ተልቆ ይመዘገባል። ሆዱ ያበጠ፣ አንገቱ የቀጠነ ይመስላል፤ ወደ ካሜራው የዞረ ጡትም ከመጠኑ በላይ ይረዝማል። ይህ ስሕተት የሌንሱ ጉድለት ሳይሆን የርቀቱ ውጤት ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱም ርቀት ነው። ስልኩን ወደ 80 ሳ.ሜ. ማራቅ ልዩነቱን ወደ 1.2 ጊዜ ያወርደዋል። ጀበናው በክፈፉ ውስጥ ያንሳል፤ በኋላ ዙሪያው ይቆረጣል። 4,000 በ3,000 ፒክስል ከሚያነሣ ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ ከተቆረጠ በኋላ በረጅሙ ጎን ወደ 1,400 ፒክስል ይቀራል። ቴሌግራም በተለመደው የፎቶ አላላክ ረጅሙን ጎን ወደ 1,280 ፒክስል ገደማ ስለሚያሳንስ የቀረው ለገዥው ስክሪን ይበቃል። የትኩረት ጥልቀቱም በዚያው ወደ 19 ሳ.ሜ. ያድጋል። በአንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ሁለት ችግር ተፈታ ማለት ነው።

ለኅትመት ግን 1,400 ፒክስል አይበቃም። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሚጠይቅ ጥሩ ኅትመት ይህ 12 ሳ.ሜ. ያህል ብቻ ይሸፍናል። ረጅሙ ጎኑ 5,184 ፒክስል የሆነ ባለ 18 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ በተለመደው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ሌንሱ በ55 ላይ ሲሆን፣ ያንኑ ጀበና ከ90 ሳ.ሜ. ርቀት ሳይቆርጥ ያነሣል፤ በዚያው የኅትመት ልክ ወደ 44 ሳ.ሜ. ይደርሳል። ካሜራ በእርግጥ የሚያስፈልግበት የመጀመሪያው ሁኔታ ይህ ነው፦ ለኤግዚቢሽን፣ ለማሸጊያ ወይም ለታተመ ካታሎግ የሚውል ሥራ።

ስለ ሌንስ አንድ የተለመደ ግምት መታረም አለበት። ጀማሪዎች ካሜራ ሲገዙ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስን እንዲጨምሩ ይመከራሉ። የሽመናውን ክር በቅርብ ለማሳየት ግን ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው ሌንስ ይበልጣል። የካኖን 18–55 ሌንስ እስከ 25 ሳ.ሜ. ቀርቦ 6.5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለውን የጨርቅ ክፍል በክፈፉ ሙሉ ያነሣል፤ የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ግን ከ35 ሳ.ሜ. በላይ መቅረብ ስለማይችል የሚያሳየው 10.5 ሳ.ሜ. ያህል ስፋት ነው። ለዚህ ሥራ ተጨማሪው ሌንስ ጥቅም ሳይጨምር ወጪ ይጨምራል።

ቀለምና የነጭ ሚዛን

የጥለት ቀለም ገዥው የሚመርጥበት፣ ሲሳሳትም ዕቃውን የሚመልስበት ምክንያት ነው። ካሜራውም ሆነ ስልኩ የነጭ ሚዛኑን በራሱ ሲገምት ከፎቶ ወደ ፎቶ ይለዋውጠዋል፤ አንዱ ኩታ በሁለት ፎቶ ሁለት ቀለም ይሆናል። ስለዚህ ሚዛኑ በአንድ የታወቀ ገለልተኛ ነገር ላይ ተለክቶ መቆለፍ አለበት።

ለዚህ መለኪያ ነጭ ሸማ ወይም የጽሕፈት ወረቀት መጠቀም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ያታልላሉ። የልብስ ሳሙና ዱቄቶችና የወረቀት ፋብሪካዎች የሚጠቀሙባቸው ማንጫዎች የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብለው ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ። በደጋ ከፍታ ይህ ጨረር ስለሚበረታ የታጠበ ጋቢ ደጅ ላይ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። በእርሱ ላይ የተለካ ሚዛንም ሰማያዊውን ለማጥፋት ሲል ሌላውን ሁሉ ያባጫል። የተሻለው መለኪያ ለፎቶ ሥራ የሚሸጥ ግራጫ ካርድ ነው። እርሱ በማይገኝበት የቧንቧ ሠራተኞች በመጋጠሚያ ላይ የሚጠመጥሙት ነጭ የቴፍሎን ጥቅል ደራርቦ በካርቶን ላይ ቢለጠፍ ያገለግላል። ቴፍሎን ብርሃንን በሁሉም ቀለም በእኩል መጠን ስለሚመልስ በቤተ ሙከራ ለነጭ መለኪያነት የሚያገለግል ቁስ ነው።

እዚህ ላይ ካሜራ ሁለተኛ ብልጫ አለው። ካሜራ ሚዛኑን በእጅ ለመቆለፍ ያስችላል፤ ያልተቀነባበረውን ጥሬ ፋይልም ያስቀምጣል። ስልኮች ግን ቀለሙን አድምቀውና ጥላውን አስተካክለው ያቀርባሉ። ብዙ ስልኮች «ፕሮ» በሚባለው የአሠራር ክፍላቸው ተመሳሳይ ቁጥጥር ስለሚሰጡ፣ ይህ ክፍል ባለበት ስልክ ልዩነቱ ይጠባል። በየትኛውም መሣሪያ የመጨረሻው ፈተና ቀላል ነው፦ ፎቶው በስክሪን ላይ እየታየ ዕቃው ከጎኑ ይቀመጥና ክሩን የነከረው ወይም የመረጠው ሰው ራሱ ይፍረድ።

ከቀለም ቀጥሎ መጠን ይመጣል። ፎቶ መጠንን አይናገርም፤ ትንሽ ሙዳይና ትልቅ መሶብ በስክሪን ላይ እኩል ናቸው። ከጀበናው አጠገብ አንድ የቡና ስኒ ማስቀመጥ፣ በጽሑፉም ርዝመቱንና ስፋቱን በሳንቲ ሜትር መግለጥ ምንም ወጪ የለውም።

ወጪና ባለቤትነት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ መሣሪያዎች የብር ዋጋ ንሯል። ስለዚህ የግዥ ውሳኔ በስሌት መደገፍ አለበት። ለማብራሪያ ብቻ አንድ ካሜራ ከሌንሱ ጋር 50,000 ብር ያወጣል ይባል፤ የተሻለው ፎቶ በአንድ ጋቢ ላይ 100 ብር ትርፍ ይጨምራል ይባል። ወጪው የሚመለሰው 500 ጋቢ ሲሸጥ ነው። በወር አራት ጋቢ የሚሠራ ሸማኔ ይህን ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ተመሳሳይ አቅም ያላቸው 20 ሸማኔዎች በማኅበር ቢገዙት ግን ከስድስት ወር ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይመልሱታል። አኃዞቹ ቢለዋወጡም ድምዳሜው ጽኑ ነው፦ ለአንድ ሰው ስልክ፣ ለማኅበር ካሜራ።

በማኅበር የሚገዛው ያገለገለ ካሜራ ቢሆን እንኳ ለዚህ ሥራ አይጎድልም። ሲገዛ ግን አራት ነገር ይመረመራል። አንደኛ፣ ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንቶ በውስጡ እንደ ድር የተዘረጋ ሻጋታ አለመኖሩን ማየት፤ ሁለተኛ፣ ሌንሱን እስከ ኤፍ 16 አጥብቦ ባዶ ሰማይ በማንሣት የሴንሰሩን አቧራ ማረጋገጥ፤ ሦስተኛ፣ ባትሪው ኃይል መያዙን መፈተን፤ አራተኛ፣ ዋይፋይ እንዳለው ማረጋገጥ። የመጨረሻው ኮምፒውተር በሌለበት ቦታ ወሳኝ ነው። ካኖን 1200ዲና 1300ዲ ሁለቱም ባለ 18 ሜጋፒክስል ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው 1300ዲ ግን ፎቶውን በቀጥታ ወደ ስልክ ሲያስተላልፍ 1200ዲ ይህን አይችልም። መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ የባትሪም ነገር ይቆጠራል፤ 1300ዲ በዓይን መመልከቻው ሲሠራ በአንድ ሙሌት 500 ያህል ፎቶ ያነሣል።

የግንኙነት መቋረጥም ከስሌቱ መውጣት የለበትም። ከ2015 መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ በቴሌግራም ላይ ብቻ የቆመ ሽያጭ ገዥን የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም። ሙሉ መጠን ያላቸውን ፎቶዎች በሁለት ሚሞሪ ካርድ አስቀምጦ መያዝና የታተመ ካታሎግ ማዘጋጀት ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ለማኅበር ካሜራ ከሚመከርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ለኅትመት የሚሆን መዝገብ ነው።

ማጠቃለያ

የምርት ፎቶ ዓላማ ሩቅ ያለ ገዥ ዕቃውን በእጁ ቢይዘው ሊሰጥ ይችል የነበረውን ፍርድ እንዲሰጥ ማስቻል ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለ አነስተኛ አምራች ከካሜራ በፊት የሚያስፈልጉት ነገሮች ርካሽ ናቸው፦ ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት በር፣ ነጭ ካርቶን፣ ገለልተኛ የቀለም መለኪያ፣ ስልኩን የሚያቆም ትራይፖድና ከዕቃው 80 ሳ.ሜ. የመራቅ ልማድ። እነዚህ ሳይሟሉ የተገዛ ካሜራ የብርሃኑንና የቀለሙን ስሕተት ይዞ ይቀጥላል። ከተሟሉ በኋላ ካሜራ የሚያስፈልገው ሥራው ለኅትመት ሲሆን፣ በእጅ ያለው ስልክ የቀለም ቁጥጥር የማይሰጥ ሲሆን፣ ወይም ብዙ አምራቾች ወጪውን ሲጋሩ ነው።

ጉዳዩ ለተጨማሪ ጥናትም የተመቸ ነው። አንድን ጋቢ በስልክና በካሜራ፣ በበር ብርሃንና በቀትር ፀሐይ አንሥቶ፣ ገዥዎች ፎቶውን ካዩ በኋላ ዕቃውን በእጃቸው ሲይዙት ፍርዳቸው ምን ያህል እንደሚለወጥ መመዝገብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሙከራ ነው። ውጤቱ አምራቹ ገንዘቡን ከበሩ ላይ ወይስ ከካሜራው ላይ ማዋል እንዳለበት በአኃዝ ይናገራል።